ወደ ኋላ የወጣነው ዳገት

ትናንት ከልጄ ጋር ወደ የካ አባዶ ስንመለስ የሚኒባሱ ፍሪሲዮን ዳገት ላይ ተቃጥሎ ሸተተን። ልጄ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ስላላለፈ፣ እንደገና ሊፈተን ተመዝግቦ መመለሳችን ነበር። "ጓደኞቼ ሲያልፉ እኔ ወደ ኋላ ቀረሁ" ይላል።

ሽታው እኔን ወደ አባቴ ታክሲ ወሰደኝ። በደርግ ጊዜ ሴይቼንቶ የምትባለውን ትንሽ አሮጌ ፊያት ይነዳ ነበር። አንድ ጠዋት እንጦጦ ላይ አክስቴን ምጥ ያዛትና አዋላጇን እትዬ በላይነሽን ይዘን ወጣን። ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው በእግር አይሞክሩትም። ዳገቱ መሃል የአንድ ፈረንጅ ቀይ የውድድር መኪና ቆሟል። እንደዚያ የሚያምር መኪና አይቼ አላውቅም፤ ግን ሆዱ ዝቅ ያለ ስለሆነ ድንጋይ ይዞታል። የእኛም ሞተር አቃስቶ ቆመ።

"ያ ያቃተውን ይቺ ቆርቆሮ ልትወጣው?" አሉ እትዬ በላይነሽ።

አክስቴ ልትሞት ነው ብዬ አለቀስኩ። አባቴ ግን ታክሲዋን አዙሮ የኋላ ማርሽ አስገባ፤ የታክሲዋ ጉልበት የሚበረታው በኋላ ማርሽ ነበር።

"አንተ ሰውዬ፣ በጀርባዬ ልታወጣኝ ነው እንዴ?"

"እትዬ፣ ይድረሱላት እንጂ ፊትዎ ወዴት እንደዞረ ምጥ የያዛት ሴት አትጠይቅዎትም።"

ቀዩን መኪና በጎኑ አልፈን፣ ወደ ኋላ እየሄድን ወጣን። ከሰዓት በኋላ የአክስቴን ሴት ልጅ ታቀፍኩ። የአባቴ ቃል ግን ያኔ ለእትዬ በላይነሽ ብቻ የተነገረ መስሎኝ ነበር።

ይህን ለልጄ ነገርኩት።

"እማዬ ሙች? በኋላ ማርሽ?" አለና ሳቀ። ውጤቱን ካየ ወዲህ ሲስቅ የሰማሁት ገና ትናንት ነው። ቤት እንደገባን ደብተሩን ሳልነግረው አወጣ።