በአፌ ሥራ ያስያዝኳት ልጅ

ጻፊ ብዬሻለሁ፤ አትሳቂ። ስትስቂ እጅሽ ይንቀጠቀጥና ኋላ ራስሽም ማንበብ ያቅትሻል።

ይህቺ የምትጽፍልኝ የልጄ ልጅ ናት። እናቷ ከሞተች ወዲህ እኔው ነኝ ያሳደግኋት። እዚሁ ስማዳ፣ ወገዳ ከተማ ቤት ተከራይታ ተማረች። ከዚያ ዩኒቨርሲቲ ገባችና ጥቁር ካባ ለብሳ፣ ክር የተንጠለጠለበት ቆብ ደፍታ የተነሳችውን ፎቶ ይዛልኝ መጣች። ፎቶው ምሰሶው ላይ ተሰቅሏል። እሷ ግን ይኸው ሦስተኛ ክረምቷ ነው፣ ከእኔ ጋር አረም ታርማለች። ካባውን ለካ በኪራይ ነበር የሰጧት፤ ፎቶ ሲያልቅ መልሰው ወሰዱት።

ሥራ አልፈለገችም እንዳይባል ደግሞ፣ ንፋስ መውጫ ማስታወቂያ ተለጥፏል ሲሏት ንፋስ መውጫ፣ መካነ ኢየሱስ ነው ሲሏት መካነ ኢየሱስ፣ ስትሄድ ስትመለስ ሁለት ጫማ ጨረሰች። የሄደችበት ሁሉ ልምድ አምጪ ይሏታል። ልምድ የሚገኘው ከሥራ፣ ሥራ የሚገኘው ከልምድ ከሆነ፣ መጀመሪያ የተቀጠረው ሰውዬ በየት በኩል እንደገባ እስከ ዛሬ የነገረኝ ሰው የለም።

ነገሩ የሆነው በዚህ ሐምሌ ነው፤ ሚካኤል በዋለ ማግስት። እሷ እህል ይዛ ወፍጮ ሄዳለች። እኔ ደጃፉ ላይ ቁጭ ብዬ ጥጥ እፈትላለሁ። አንድ ጎልማሳ ቦት ጫማ ያደረገ፣ መዝገብ በላስቲክ ጠቅልሎ የያዘ፣ ከበሩ ቆመና፣

«እንደምን ዋሉ እማማ? ከወረዳ ነው የመጣሁት፤ ለመረጃ ነው» አለኝ።

እዚህ ላይ የእኛን አገር ነገር ልናገር። እኛ ዘንድ ለልጅ ሽማግሌ ከመላኩ በፊት አንድ ሰው አስቀድሞ ይመጣል። ቤቱን አይቶ፣ ዘሩን ጠይቆ፣ የልጅቷን ሙያ አጣርቶ ይሄዳል። ታዲያ የመጣበትን አይናገርም። በቅሎ ጠፋኝ ይላል፣ ወይ የዘር ገብስ ትሸጣላችሁ ወይ ይላል። እኔን ሊያይ የመጣው ሰው በቅሎ ጠፋኝ ብሎ አባቴ ቤት ግማሽ ቀን ተቀምጧል፤ በዕድሜው በቅሎ ኖሮት አያውቅም። የቤቱ ሰው ደግሞ ነገሩ ይገባዋል፤ እንዳልገባው ሆኖ ልጁን ያመሰግናል። እንዲህ ነው ያየነው።

እናም ሰውዬው ከወረዳ ነኝ ሲለኝ፣ ዘመኑ ሠልጥኗል፣ በቅሎ መጥፋቱ ቀርቶ ወረዳ ሆኗል አልኩ በልቤ። ግባ አልኩት። አጎዛ አነጠፍኩለት። ጠላ ቀዳሁለት።

መዝገቡን ገልጦ፣ «በቤቱ ስንት ሰው አለ?» አለኝ።

«እኔና የልጄ ልጅ።»

«የቤቱ ኃላፊ ማነው?»

«እኔ ነኛ። ወንድ አይታይህም።»

«የልጅቷ ዕድሜ?»

ሁለት ዓመት ቀነስኩላት። ማን አይቀንስም።

«አግብታለች?»

ነጠላዬን አስተካከልኩ። «አላገባች። ታጭታም አታውቅ።»

«የአካል ጉዳት አለባት?»

«እንኳን እሷ፣ እስከ ሰባት ቤት ዘመዶቿም የለባቸው።»

«የትምህርት ደረጃ?»

ፎቶውን ከምሰሶው አውርጄ ጭኑ ላይ አስቀመጥኩለት። አየና፣ ጥሩ ነው ብሎ ጻፈ። በደንብ አላያትም ብዬ ትንሽ ቅር አለኝ። ከዚያ በኋላ ነው የገደለኝን ያመጣው።

«ባለፉት ሰባት ቀናት ውስጥ ቢያንስ አንድ ሰዓት ሥራ ሠርታለች?»

አንድ ሰዓት ይለኛል። ልጄን ሰነፍ ሊላት የመጣ መሰለኝ። «አንተ ልጅ፣ አንድ ሰዓት ያልከው እሷ ፊቷን እስክትታጠብ ነው» አልኩት። «ዶሮ ሲጮህ ትነሳለች። በረት ትጠርጋለች፣ ውኃ ትቀዳለች፣ ወፍ ሲንጫጫ ማሳ ውስጥ ናት። ከንጋት እስከ ጅብ መውጫ እጇ አያርፍም። ጠይቅ ጎረቤቱን።»

«በቀን አሥራ ሁለት ሰዓት ልበል?»

«በል። ከበዛብህ አትጻፈው እንጂ እሷስ ትሠራዋለች።»

አልበዛበትም፤ በሰባት አባዝቶ ጻፈው። «ሌላ ሥራ ትፈልጋለች?» አለኝ ቀጥሎ። ይቺንም አወቅኋት። ትፈልጋለች ብል፣ ልቧ ከተማ ነው፣ ትዳር አትይዝም ይላሉ። «ምን ጎድሏት?» አልኩት። ጻፈ።

ደግሞ ወደ እኔ ዞሮ፣ «እርስዎስ እማማ፣ ሥራ አለዎት?» አለኝ። አፍሬ፣ ኧረ እኔ ምን ሥራ አለኝ አልኩት። እንዝርቴን እያየ፣ ፈትሉን ይሸጡታል ወይ ብሎ ጠየቀኝ። አልፎ አልፎ ቅዳሜ ገበያ አወጣዋለሁ አልኩ። «እንግዲያስ ሠራተኛ ነዎት» ብሎ እኔንም ከተተኝ። ቤት መጥረግ፣ ወጥ መሥራት፣ ልጅ ማሳደግ ግን አይቆጠርም አለኝ።

«አንተን ማን አብልቶ አሳደገህ?» አልኩት።

«እናቴ።»

«ሥራ ነበራት?»

ሳቀ። «በዚህ ቅጽ ከሆነ አልነበራትም።»

ያም ሆኖ ጨዋ ልጅ ነው፤ ሁለት ዋንጫ ጠጥቶ፣ አመስግኖ ተነሳ፤ እስከ በር ሸኘሁት።

እሷ ዱቄቱን ተሸክማ፣ ቅንድቧ ነጭ ሆኖ ስትገባ፣ «ነገ ጸጉርሽን ተሠሪ፤ የሚያይሽ መጥቶ ነበር» አልኳት። ምን ብሎ ጠየቀሽ አለችኝ። አንድ በአንድ ነገርኳት። አንድ ሰዓት የሚለው ላይ ስደርስ ጆንያውን ቀስ ብላ መሬት አስቀመጠችና እላዩ ላይ ተቀመጠችበት።

«እምዬ፣ ሰውዬው ሥራ አጥ ቆጣሪ ነው» አለችኝ። ለካ በየቤቱ እየዞሩ ሥራ የሌለውን እየለዩ ነው። ሥራ አጥ ተብሎ ከመዝገቡ የገባ ከቀበሌ ካርድ ይሰጠዋል። ከመስቀል በኋላ ለመሥሪያ ቤት ቅጥር ፈተና አለ፤ ካርድ የሌለው ከበሩ አያልፍም። ሦስት ዓመት የጠበቀችው ፈተና ነው። «በአንድ ጠላ ሥራ አስያዝሽኝ» አለችኝና አለቀሰች። ስትጽፍ አላለቀስኩም ትላለች። አልቅሰሻል፤ ዱቄቱ ጉንጭሽ ላይ ሊጥ ሆኖ ነበር።

በማግስቱ ቀበሌ ሄድን። የማዳበሪያ ወረፋ ስለነበር አገሩ ሁሉ እዚያ ቆሟል። የቀበሌውን ሥራ አስኪያጅ አውቀዋለሁ፤ ክርስትናው ላይ በልቻለሁ። መዝገቡን ገልጦ አነበበልን፦ ያለክፍያ የቤተሰብ ሠራተኛ፣ በሳምንት ሰማንያ አራት ሰዓት፣ ተጨማሪ ሥራ የማትፈልግ።

«ከዚህ ቀበሌ የእሷን ያህል ሥራ ያለው ሰው የለም» አለ። «እኔ ራሴ ይኸን ያህል አልሠራም።»

«እሱንስ አይተናል» አለ አንድ ሰው ከወረፋው። ሰዉ ሳቀ።

እኔ መንገድ ላይ ያሰብኩትን አወጣሁ። «አንተ ልጅ፣ ሰባቱ ቀን የቱ ነው? ውስጡ ሥላሴ አለ፣ ቅዳሜ አለ፣ እሁድ አለ፣ ሚካኤል አለ። የእኔ ልጅ በዓል ሽራ ነው በሰባት ያባዛችሁባት? ስሟን እያጠፋችሁ እኮ ነው።» የነፍስ አባታችን ከወረፋው ነበሩ። «እውነት ነው፤ ሥላሴ ለት ቤተ ክርስቲያን ነበረች፣ ሚካኤልም አስቀድሳለች» አሉ።

ሥራ አስኪያጁ አራቱን ቀን በእርሳስ ሰረዘ። ደስ አለኝ። ቀጥሎ፣ «ሦስት ቀን ቀረ። ከሦስቱ ቀን አንድ ሰዓት ከሠራች ሠራተኛ ናት» አለ። ሌላውን ሁሉ የሰረዘው ለጨዋታ ነው።

«አንድ ሰዓት የሠራ ሰው ሥራ አለው የምትሉ፣ አንድ ጉርሻ የጎረሰ ጠግቧል ልትሉ ነው?» አልኩት።

«እኔ አይደለሁም ያወጣሁት እናቴ፤ ቅጹ ነው» አለኝ። ቁጥሩም ለወረዳ ሄዷል፣ ከወረዳ ዞን፣ ከዞን ክልል ይደመራል አለ። በዚያን ጊዜ ገባኝ። ላይ ሆነው የሚያነቡት ቁጥር እታች የእኔ ደጃፍ ላይ ጠላ እየተጠጣ የተሠራ ነው። ያ ከወረፋው የተናገረው ሰውዬ ደግሞ፣ «አንቺ ምን ታማርሪያለሽ? እኔን ጥር ላይ ሁላችን ተነድተን እርከን ስንቆፍር፣ ጊዜያዊ ሥራ ተፈጠረለት ብለው ጻፉኝ። የራሴን አካፋ ይዤ እኮ ነው የሄድኩት» አለ። ሥራ አስኪያጁ አልሰማሁም ብሎ እስክሪብቶ ፈለገ።

 የልጅቷን ፊት አየሁና ወደ ሥራ አስኪያጁ ዞርኩ። «ምንም መላ የለው?» አልኩት።

«ጎረቤት ይመስክር። እርሻ ላይ እንደማትሠራ ሰው ከመሰከረላት አየዋለሁ።»

አጥር የምንጋራት ሴት እዚያው ነበረች። ጠርተን ነገሩን አስረድተናት ነበር፤ ማሳ አትገባም በዪ፣ ሥራ ፈት ናት በዪ ብያት ነበር በጆሮዋ። ቀርባ ቆመችና ልጅቷን አየቻት፣ ሰዉን አየችው። ወንድ ልጅ ያላቸው አምስት ስድስት እናቶች ተሰልፈዋል። በዚያ ሁሉ ፊት የሰውን ልጅ እንዴት ሥራ ፈት ትበል?

«ኧረ ወዲያ! ይህቺን ልጅ በሥራ ማን ይችላታል» አለች። «ባለፈው ማክሰኞ የእኔንም ስንዴ አርማልኛለች።»

ሥራ አስኪያጁ፣ «እንዲያውም ሁለተኛ ሥራ አላት» አለ።

ሴትዮዋ ኋላ ላይ፣ «እህት ዓለም፣ አፌ እምቢ አለኝ» አለችኝ። አልተቀየምኳትም፤ የእኔም አፍ ያው ነው የሠራው።

«አንድ የቀረ ነገር አለ» አለ ሥራ አስኪያጁ። «የቤቱ ኃላፊ ራስዎ ነዎት። ልጅቷ በቤቱ እርሻ አንድ ሰዓት እንኳ አትሠራም፣ የተጻፈው ስህተት ነው ብለው ጣትዎን ካተሙ አስተካክለዋለሁ። ግን ጮክ ብለው ይናገሩት፤ ሰው ይስማ፣ ኋላ እኔ ላይ እንዳይመጣ።»

ሳሳድጋት ያወቅኩት ነገር ቢኖር የልጅን ስም መጠበቅ ነው። ወረፋው ሁሉ ጆሮውን አቁሞ ያየኛል። የነፍስ አባቴ መቋሚያቸውን ተደግፈው ያዩኛል። እሷ ግን መሬቱን እንጂ እኔን አታይም። ያን ጊዜ ተናገርኩ።

«ይህቺ ልጅ ሥራ ፈት ናት» አልኩ። ድምፄ ገበያ ይሰማል። «አረም አታርምም። በረት አታውቅም። ፀሐይ እስኪሞቅ ትተኛለች፣ ተነስታም ስልኳን ነው የምታይ። እኔ አሮጊቷ ነኝ የምጦራት።»

ማንም አልሳቀም። ሁሉም እጇን ነበር የሚያየው፤ ያ እጅ ደግሞ ሌላ ነው የሚናገረው። አንዲቷ እናት ብቻ ከንፈሯን መጠጠች። ሥራ አስኪያጁ ወይን ጠጅ ቀለም አመጣ፣ አተምኩ። የነፍስ አባቴ ፊታቸውን አዙረው ነበርና ስንወጣ ተጠግቼ፣ «አባ፣ ለዚህ ስንት ስግደት ነው?» አልኳቸው።

«አምሳ» አሉ። ትንሽ አሰብ አድርገው ደግሞ፣ «ለሥራ አስኪያጁም አምሳ እነግረዋለሁ» አሉኝ።

ካርዱ ተሰጣት። ፎቶዋ አለበት፤ ያለ ካባ። ሥራ አስኪያጁ ግን ሲሰጣት ፊቱ አልፈካም፤ የቀበሌውን ሥራ አጥ በአንድ ጨመርንበት። «ከፈተናው በፊት እየዞሩ ያጣራሉ» ብሎ አስጠነቀቀን። «ስትሠራ ከተገኘች ይሰረዛል።» ገብስና ስንዴው ይኸን አያውቅም። አረሙ እስከ መስቀል አይጠብቃትም። እናም እሷ ታርማለች፣ እኔ በር ላይ ቁጭ ብዬ እጠብቃለሁ፤ የማላውቀው ሰው ሲመጣ ሥራ እንደሌላት እናገራለሁ። በዚህ ዕድሜዬ አዲስ ሥራ ያዝኩ፤ ይኼም ከአንድ ሰዓት ይበልጣል።

በቀደም በሬዲዮ ሥራ አጥ ቀነሰ ሲሉ ሰማን። እሷ ማሳ ውስጥ ጎንበስ እንዳለች፣ «እምዬ፣ እንዴት ቀነሰ?» አለችኝ። ለአንድ ቀን እኔም አንቺን ቀንሼ ነበር አልኳት።

ትናንት ደግሞ አንድ ሽማግሌ መሰል ሰው፣ ጥሩ ጋቢ የለበሰ፣ ከበሩ መጣ። «እንደምን ዋልሽ እመት? በቅሎ ጠፋኝ፤ በዚህ አላለፈችም?» አለኝ።

ልቤ ዘለለ። ሰውየውን አየሁት፤ ጫማው ጭቃ አልነካውም፤ በቅሎ ሲፈልግ የዋለ ሰው አይመስልም። መዝገብ የለውም። ግን ቆጣሪዎቹም ብልሃት አይተው ቢሆንስ? ከወረዳ ነኝ ማለቱን ትተው በቅሎ ጠፋኝ ማለት ጀምረው ቢሆንስ? ፈተናው የቀረው ጥቂት ሳምንት ነው።

«በቅሎ አላየሁም» አልኩት።

ሰውየው አልሄደም። በእኔ ትከሻ ላይ አሳልፎ ወደ ማሳው ያያል። እሷ እዚያ ናት፤ ቀሚሷን ሰብስባ፣ የነቀለችው አረም ከኋላዋ ተከምሮ፣ ላቧ እዚህ ድረስ ያበራል።

«ያቺ የማን ልጅ ናት?» አለኝ።

«የእኔው የልጅ ልጅ ናት» አልኩት። «ሥራ የላትም። እንኳን ሌላ፣ አረም ነቅላ አታውቅም።»

ሰውየው እሷን አየ፣ ክምሩን አየ፣ እኔን አየ። በቅሎውን ሌላ ቦታ እንደሚፈልግ ተናግሮ ሄደ። እሷ ቀና ብላ፣ «ማነው እምዬ?» አለችኝ።

«አላወቅሁትም» አልኳት። «አንቺ ብቻ ጎንበስ በዪ፤ አትታዪ።»