በሰኔ ማርያም የመጡ በሬዎች

አክስቴ ባላቸውን ቀብረው፣ አንድ ልጃቸውም ለብሔራዊ ውትድርና ተወስዶባቸው፣ ከአሸተን ማርያም ሥር ባለችው እርሻቸው ብቻቸውን ቀርተው ነበር። በሬ የላቸውም። በእኛ አገር ሴት ጠምዳ አታርስም፤ ባሌም ያለው አንድ በሬ ስለነበር ከጎረቤት ጋር በመቀናጆ ነበር የሚያርሰው። ተስፋቸው ገበሬ ማኅበሩ ነበር። ሊቀ መንበሩ በየስብሰባው "ጧሪ የሌለውን መንግሥት ይጦረዋል፤ የአቅመ ደካማ መሬት በማኅበሩ ይታረሳል" ይል ነበር። ስንሰማው ደስ ይለን ነበር፤ ለምን እዋሻለሁ።

ዝናቡ ጣለ። መጀመሪያ የመሪዎቹ ማሳ ታረሰ፤ ከዚያ የሚሊሻዎቹ፤ ከዚያ ሁሉም የየራሱን ያዘ። የአቅመ ደካሞች ቀን መቼ ሆነ? ሰኔ ማርያም! ሰው በዓል ብሎ ቤቱ ስለሚውል የራሱ ሥራ አይስተጓጎልበትም አሉ። ብልሃታቸውን እዩልኝ።

አክስቴ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ሰዎቹ በሬዎቻቸውን ጠምደው ማሳው ዳር ቆመዋል። አክስቴ ሄደው ከበሬዎቹ ፊት ተገተሩ።

"በእመቤቴ ቀን መሬቴን ማረሻ አይነካውም! በረዶ አውርዳ አገሩን ታጥፋው?"

ሰዎቹም እንደሳቸው ፈርተው ነበርና ደግመው አልጠየቁም። ቀንበሩን አወረዱ፣ ጉልበታቸውን ሳሙ። "እትዬ፣ አገሩን አዳኑት። በሥራ ቀን እንመጣለን" ብለው ሄዱ።

አልመጡም። ባሌ ሊያርስላቸው ቢል፣ የሚቀናጀው ጎረቤት ማኅበሩ ካላዘዘው በሬውን እንደማይሰጥ ተናገረ። እኔው ሊቀ መንበሩ ዘንድ ሄድኩ።

"ተሂዶላቸው ነበር፤ የመለሱን እሳቸው ናቸው። መንግሥት ምን ያርግ?" አለኝ።

ገብሱ በጎታ እንዳለ የዘር ጊዜው አለፈ።

መስከረም ላይ ስብሰባ ተጠራና ጦም ያደረ መሬት አቅም ላለው ይሰጥ ተባለ። እጅ አውጡ ሲባል እነዚያ ጉልበት የሳሙት ሁሉ እጃቸውን አወጡ። እስካሁን ሳስበው ደሜ ይፈላል። አክስቴ መሬታቸውን ለሊቀ መንበሩ አማች አስረክበው እኔ ቤት ገቡ። ገበታ ሲቀርብ ትንሽ ቆርሰው "ጠገብኩ" ይላሉ። በገዛ ጎታቸው ሲያዙ የኖሩ ሴት እኔን ያፍሩኝ ጀመር።

በዓመቱ፣ ሰኔ ላይ፣ ደጃፌ ተቀምጠን ሳለ ያ ማሳ በበሬ ተሞላ። አማችየው ደቦ ጠርቶ ኖሯል፤ የወጡለትም እነዚያው ሰዎች ናቸው። አክስቴ እጃቸውን ግንባራቸው ላይ አድርገው አዩ።

"ልጄ፣ ዛሬ ምን ቀን ነው?"

"ማክሰኞ ነው፣ እትዬ።"

"በዓል የለበትም?"

"የለበትም።"

"ለካ በሥራ ቀንም መምጣት ይችሉ ኖሯል" አሉና ተነሥተው ወደ ውስጥ ገቡ።