ማረፊያውን ያስፋለት

ባለፈው እሁድ ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ካለው ቤቴ ደጃፍ ላይ በረዶ ስጠርግ ከማል ደወለ። ከማል ላንግሊ ፓርክ አንድ ክፍል ተጋርተን ከኖርንበት ጊዜ ጀምሮ ጓደኛዬ ነው። ሰላምታ ሳያበዛ ወደ ጉዳዩ ከገባ ነገሩ ደህና እንዳልሆነ አውቃለሁ።

«የቢላል እናት አዲስ አበባ አርፋለች። ልጁ አልሰማም። ዘመዶቹን ፌስቡክ ላይ እንዳትለጥፉ ብለናቸዋል። ሄደን ማርዳት አለብን። አንተ ደግሞ ትልቅ ሰው ነህ፣ አትቀርም» አለኝ።

ትልቅ ሰው መሆኔን የሚያስታውሱኝ እንዲህ ያለ ነገር ሲመጣ ብቻ ነው። ቢላል ሲልቨር ስፕሪንግ ሱቅ ሲሠራ የማውቀው ልጅ ነው። አምና ከላስ ቬጋስ ወጣ ብሎ በረሃው ላይ በሚሠራ አዲስ መንደር ቤት ገዝቶ ሄደ። አካፋውን ግድግዳው ላይ አስደግፌ ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ። ብርዱም አልተሰማኝም። እኔም በወጣትነቴ በረሃ ላይ ቤት ገዝቼ ነበር፤ እኔም ዘንድ ሰዎች በአውሮፕላን መጥተው ነበር።

እኔና ባለቤቴ ዘይነባ ወደ አሪዞና የሄድነው ለአባቴ ጉልበት ብለን ነው። አባቴ ደሴ ውስጥ ዕድሜውን ሙሉ የልብስ ስፌት መኪና ሲረግጥ ኖሮ በመጨረሻ ጉልበቱ አልታዘዝ አለው። ክረምት ገብቶ ጉሙ ከጦሳ ተራራ ሲወርድማ ከአልጋው ለመነሳት ሰው ይጠራል። እኔ ደግሞ ያኔ የምኖረው ሊፍት የሌለው አፓርትመንት ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነበር። ወደ አሜሪካ የሚመጣበት ቪዛ ሂደት ላይ ነው፤ ይመጣል። ከዚያስ? ያን ደረጃ እንዴት አድርጎ ይወጣዋል? ኤርፖርት አብሮኝ ታክሲ የሚነዳ አንድ ሰው በአሪዞና ስለሚሠሩት ቤቶች የነገረኝ በዚህ መሃል ነው። ፎቅ የላቸውም፣ አየሩ ደረቅ ነው፣ ፀሐይ እንደ ልብ ነው። «እዚያ አገር ቁርጥማት የሚባል ነገር አያውቁም» አለኝ። ማመን ስለፈለግኩ አመንኩት።

መንደሩ ስንደርስ ገና መንደር አልነበረም። የመንገዶቹ ስም ተተክሎ ቤቶቹ ግን አልተሠሩም። የተሠሩትም ሁሉም አንድ ዓይነት፣ ሁሉም የአሸዋ ቀለም ስለሆኑ የራሳችንን ቤት አልፈነው ሄደን የተመለስንበት ቀን ብዙ ነው። በግቢው ሣር ፋንታ ጠጠር ይደፋል። የቀዝቃዛውን ቧንቧ ስትከፍተው የሚያቃጥል ውሃ ይወርዳል፤ በቀትር የመኪና መሪ ለመያዝ ጨርቅ ያስፈልጋል። እግረኛ የሚባል ፍጡር አይታይም። ሰው ከነመኪናው ጋራዡ ውስጥ ይገባና በሩ ከኋላው ይዘጋል፤ በቃ፣ እስከ ነገ አታየውም። ቤቱን ክሎዝ አድርገን፣ የግዢውን ውል ፈርመን ቁልፍ የተረከብን ዕለት ዘይነባ ባዶው ሳሎን መሃል ቆማ ስሜን ጠራችና ድምፅዋ ሲመለስባት ደነገጠች።

አባቴ ግን በስልክ የሚጠይቀኝ ሌላ ነገር ነበር። ስለ ፀሐይዋ ስነግረው ሰምቶ ሲጨርስ፣ «ጎረቤት አለህ ወይ?» ይለኛል።

«ገና እየገቡ ነው፣ አባባ።»

«ሰው የሌለበት ፀሐይ ምን ያደርግልሃል?»

ጉልበትህን ያድንልሃላ! እልና እስቀዋለሁ። እሱም ይስቃል። ደህና ሳቅ ነበረው፤ በዚያ ሳቁ መሃል ያስል እንደነበር ልብ አላልኩም።

የእሱን ክፍል እኔው አዘጋጀሁት። ጠዋት ፀሐይ የምትገባበትን መረጥኩለት፤ ሲሰግድ የሚቀመጥበት ወንበር አስገባሁ፤ ከአልጋው እስከ መታጠቢያ ቤቱ ድረስ የሚይዘው እጀታ ግድግዳው ላይ ቸነከርኩ። ግድግዳውን ነጣ ያለ አረንጓዴ ቀባሁት። ዘይነባ በዚያ ሰሞን ዝምተኛ ሆናብኝ ነበር። ወጥ ቤት ገብታ ሽንኩርት ትከትፋለች፤ ዓይኗ ቀልቶ ትወጣለች። ሙቀቱ ነው፣ ይለመዳል፣ እላለሁ በልቤ።

ከዚያ ከማል ደወለ። ጋሽ ሁሴንና ባለቤታቸው እትዬ ሐዋ ቤቴን ሊያዩ ይፈልጋሉ፤ እሱም አብሮ ይመጣል። ጋሽ ሁሴን የአባቴ አገር ሰው ናቸው፤ ቨርጂኒያ እንደገባሁ መጀመሪያ የተቀበሉኝ እሳቸው ነበሩ። ደስታዬ ወሰን አጣ። እነዚያ በረሃ ገብተህ ልትጠፋ ነው ብለው የተቆጡኝ ሰዎች ቤቴን ሊመርቁ አገር አቋርጠው መጡ! ፍየል ፍለጋ ስንትና ስንት መንገድ ነዳሁ።

አሥራ አንድ ሰዓት ገደማ ደረሱ። ገና ከመኪና ሳይወርዱ ማስጎብኘት ጀመርኩ። ሳሎኑን፣ ጋራዡን፣ ጠጠሩን ሳይቀር አሳየኋቸው። «ማሻአላህ» ይላሉ፤ ድምፃቸው ግን ዝቅ ያለ ነው። ድካም መሰለኝ። በመጨረሻ የአባቴን ክፍል ከፈትኩት። እትዬ ሐዋ እጀታውን በመዳፋቸው ነካ አደረጉና መታጠቢያ ቤት ገብተው ዘጉ። ውሃው ለረጅም ጊዜ ሲፈስ ይሰማኝ ነበር።

«ጋሽ ሁሴን፣» አልኩ፣ «እንግዲህ ዱዓ ያድርጉልኝ። አባባ በሰላም ገብቶ እንዲያርፍበት።»

ሽማግሌው ከማልን አዩት። ከማል መሬት መሬት ያያል። ጋሽ ሁሴን እጃቸውን ዘረጉ፣ ቆዩ፣ እንደገና ዘረጉ።

«አላህ ማረፊያውን ያስፋለት» አሉ። «ብርሃን ያድርግለት። ብቻውን አያድርገው።»

«አሚን!» አልኩ። ከሁላቸው አስበልጬ ነበር ያልኩት። ክፍሉ ትንሽ ጠበብ ብሎኝ ስለነበር፣ ያስፋለት ማለታቸው እንኳን ቀልድ መስሎኝ ፈገግ ብያለሁ። «መስኮቱ ትልቅ ነው፣ ብርሃኑስ አይቸግረውም» ማለቴም ትዝ ይለኛል።

እራት ላይ ማንም አልበላም። ጋሽ ሁሴን ምግብ የሚወዱ ሰው ናቸው፤ አንዷን ጉርሻ ይዘው ቀሩ። «ምነው እጃችሁ ከበደ?» ስል «አውሮፕላኑ ነው» አለ ከማል።

መርዶ በስልክ አይነገርም፤ በምሽትም አይነገርም። ሰው ተሰብስቦ፣ ማለዳ ላይ፣ በር ያንኳኳል። ቨርጂኒያ ቢሆን መኪናዎቹ ጎሕ ሳይቀድ ደጄ ላይ ይሰለፉ ነበር። እዚህ ግን የሚያንኳኳ ሰው የለም፤ ስለዚህ ያረዱኝ ሰዎች ያደሩት በገዛ ቤቴ፣ በገዛ አንሶላዬ ነው። ከሱብሒ ሶላት በኋላ ሳሎን ስገባ ሁሉም ተቀምጠዋል። ዘይነባም ከእነሱ ጋር ናት። እትዬ ሐዋ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ለብሰዋል። ጥለቱ አንገታቸው ላይ ነበር። ማንም ምንም ሳይለኝ እሱን አይቼ አወቅኩ።

«ኢናሊላሂ ወኢናኢለይሂ ራጂዑን» አሉ ጋሽ ሁሴን። «ልጄ፣ አባትህ ወደ ጌታው ሄዷል።»

መቼ? ብዬ ጠየቅኳቸው። የነገረችኝ ዘይነባ ናት። ወሬው ቨርጂኒያ ደርሶ፣ እነሱ ከሥራ ፈቃድ እስኪያገኙ ድረስ ይጠብቅ ነበር፤ እሷም ቀድማ ሰምታ ብቻዋን ይዛው ሰንብታለች። ግድግዳውን የቀባሁለት ከተቀበረ በኋላ ነው። ፍየሉንም የፈለግኩት ከተቀበረ በኋላ ነው።

እንግዶቹ በሦስተኛው ቀን ለሥራ ተመለሱ። ከዚያ በኋላ ለቅሶ የሚደርስ አልመጣም። ድንኳን የለ፣ ወንበር የሚያመላልስ የለ። አንድ ቀን ማዶ ያለው ሰውዬ ከጋራዡ ሲወጣ እጁን አውለበለበልኝ፤ እኔም አውለበለብኩለት። አባቴ ስለ ጎረቤት የጠየቀኝ ያን ጊዜ ገባኝ። ዓመት ሳይሞላን ቤቱን ሸጠን ተመለስን። ስንወጣ እጀታውን ልነቅል ብዬ አልሆንልኝ አለ፤ አጥብቄ ነበር የቸነከርኩት።

ለብዙ ዓመት ጋሽ ሁሴንን ተቀይሜያቸው ኖሬአለሁ። ያን አሚን ከአፌ አስወጡኝ፣ አሞኙኝ፣ እያልኩ። ዛሬ እሳቸውም የሉም፤ ቂሙም የለም። ለአባቴ ከዚያ በኋላ ያላደረግኩት ዱዓ የለም፤ ሁሉም ግን እንባ አለበት፣ ጸጸት አለበት። በደስታ የተባለችው ያቺ አንዷ አሚን ብቻ ናት። ሽማግሌው አልዋሹኝም። መዋሸት ስላልቻሉ ነው እጃቸው ሁለት ጊዜ የተዘረጋው።

ትናንት ማታ ከማል ቁጥሩን ላከልኝና ለቢላል ደወልኩለት። እነ ከማል ከመካከላችን እሱ የሚያከብረው እኔን ነው ብለው።

«ጋሼ! ሲሪየስሊ? ልትመጡ ነው?» ሳቁ ጆሮዬን ሞላው። «ሆቴል ቡክ እንዳታደርጉ፣ ገስት ሩም አለኝ። ቤቱን አላሞግሰውም፣ መጥታችሁ ታያላችሁ።»

«እናያለን፣ ልጄ። ምንም አትቸገር፣ ምግብም አትሥራ።»

«እንዴ ጋሼ! ሥጋ ኦርደር አድርጌ ነው የምጠብቃችሁ። ደግሞ ቤቱን ዱዓ ሳያደርጉልኝማ አይሄዷትም።»

«እናደርጋለን» አልኩት።

ምን እንደምል አውቃለሁ። እሱም አሚን ይላል።