ዋስ ያልተጠራበት በሬ

ፈንታው በየማለዳው ከወንዙ ማዶ ይቆማል። የፍቅርተን ማሳ አይቶ አይቶ ይሄዳል። የሟች ባሏ ወንድም፣ ዋርሳዋ ነው። ባሏ ሊሞት ሲል እጇን ይዞ «የፈንታው ሞፈር እዚህ መሬት አይግባ፤ የገባ ቀን መሬቱ ሄደ በይ» ብሏታል። እውነቱን ነው። ፈንታው ጎረቤቷን ወለተ ጊዮርጊስን «ለአንድ ክረምት ብቻ በእኩል ልረስልሽ» ብሎ ገባ፤ ይኸው እስከ ዛሬ አልወጣላትም።

ፍቅርተ ግን ምን ጎደላት? ቡሬን የመሰለ በሬ ነበራት። ከአያ ይሁኔ በሬ ጋር አቀናጅታ፣ አንድ ቀን ለእሷ አንድ ቀን ለእሳቸው እየታረሰ ስንት ክረምት አለፈ። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ማለት ይኼኔ ነው! ወገዳ ገበያ በወረደች ጊዜ ቴሌግራም ላይ «ጥማድ» የሚሉት ግሩፕ ውስጥ አስገቧት። ብር የለበትም። በሬሽን ለሰው ካዋልሽ የዋለበት ቀን ሁሉ ስልክሽ ላይ «አንድ ጥማድ» ተብሎ ይመዘገብልሻል፤ በዚያ አራሚ ትጠሪያለሽ፣ ዘር ትወስጃለሽ፣ የእርሻሽ ቀን ጥንድ በሬ ይመጣልሻል። የስማዳም፣ የጋይንትም፣ የእስቴም ሰው አለበት። መጀመሪያ እውነትም አራሚ መጣላት፣ የባቄላ ዘር መጣላት። ከዚያ ወዲያ ማን ይቻላት!

«አያ ይሁኔ፣ ዘንድሮ ሌላ ቅንጃ ይፈልጉ» አለቻቸው።

«የማን ልጅ እንደሆነ ለማታውቂው በሬ ልትሰጪ? ዋስ ሳትጠሪ?»

«ታማኝ ሰው ስሙ አጠገብ አምስት ኮከብ ይሰጠዋል እኮ!»

«እንግዲያ ኮከቡን ሽማግሌ ፊት አቁሚዋ!» ብለው ተነሡ። እሳቸውም ከሌላ ሰው ጋር ተቀናጁ።

ግንቦት ላይ «የእስቴ ገበሬ» የሚል ስም ያለው ሰው ቡሬን ለአንድ ሳምንት ጠየቃት። ገበያ ድረስ ለላከው ሰው ገመዱን አስረከበች። ሳምንቱ አለፈ። ብትጽፍ መልስ የለም። ቀጥሎ ኔትወርኩ ራሱ ጠፋ። እኔን ይብላኝ፣ ስልኳን ይዛ ያልወጣችበት ጉብታ የለም!

ሰኔ ግም አለ። የሰው ማሳ ሁሉ ታርሶ ጠቆረ፤ የእሷ ጦም ሊያድር ነው። አያ ይሁኔ ደጅ ብትሄድ አንገታቸውን ደፍተው «ልጄ፣ ለሰው ቃል ሰጥቻለሁ» አሏት። በማግስቱ ፈንታው ወንዙን ተሻገረ። ከማሳዋ አንድ ጓል አነሣ፣ በመዳፉ አሽቶ በተነው፣ ተመልሶም ሄደ። ፍቅርተ ከበር ሆና አየችው፤ ልጆቿን ወደ ውስጥ አስገብታ በሩን ዘጋች።

ኔትወርኩ የመጣ ዕለት ስልኳ ጮኸ። የእስቴ ገበሬ ነው። «ሐሙስ በማለዳ ጥንድ በሬ ይዤ መጥቼ አርስልሻለሁ» ይላል። እሰይ የእኔ እናት! እያለቀሰች ለአራሹ ጠላ አጠለለች፣ የዘር ገብሷን በቁና ሰፍራ አሰናዳች።

ሐሙስ ጉም ነበር። የጅራፍ ድምፅ ሰምታ ወጣች። ከጉሙ መጀመሪያ ብቅ ያለው ቡሬ ነው፤ ከስቷል፣ አንገቱን ቀንበር ልጦታል። ሞፈሩን የያዘው ፈንታው ነው።

«እንዴት አደርሽ ዋርሳዬ» አላት።

«የእስቴ ገበሬ... አንተ ነህ?»

«ስም ምን ያደርጋል? አንዱ በሬ ያንቺ፣ አንዱ የእኔ፣ ጉልበቱም የእኔ። ምርቱ በእኩል። ለአንድ ክረምት ብቻ።»

ፍቅርተ ጮኸች። «በሬዬን መልስ! መሬቴንም አትንካ!»

ፈንታው አልተቆጣም። «ለማን ሰጠሽው? ዋስሽን ጥሪና እመልሳለሁ» አላት።

ማንን ትጥራ? ዞር ብላ አየች። ልጆቿ በር ላይ ቆመዋል፤ ከበላያቸው ዳመናው ከብዷል። ዛሬ ያልተዘራ ከእንግዲህ አይበቅልም።

ቡሬ እሷን አይቶ አልራመድም አለ። ፈንታው ጅራፉን ሲያነሣ ጊዜ ፍቅርተ ሄዳ የበሬዋን ግንባር ዳሰሰችና «ሂድ በቃ» አለችው። ከዚያ የዘሩን ቁና አንሥታ ለፈንታው አቀበለችው።