ባሕር ገባ

ባለፈው ሳምንት ሐጋያ የምንለው የጥቅምት ዝናብ ነገሌን ሲመታት ሰነበተ። ጎርፉ ሱቃችን ድረስ ገብቶ የታችኛውን መደርደሪያ አበላሸው። ቀዩን ጭቃ በአካፋ እየዛቅኩ ሳለ ሽታው አፍንጫዬን ሲመታኝ ቆም አልኩ። ጎረቤቶቼ ደክሞኝ መስሏቸው ሳቁብኝ። እኔ ግን ወንድሜ ሸምሱ ትዝ ብሎኝ ነው።

ያኔ አሥረኛ ክፍል ነበርኩ። ሸምሱ ከጓደኛው ከጃርሶ ጋር በሱዳን በኩል ሊቢያ ገብቶ ነበር። አንዲት የባሕር ዳር ከተማ ውስጥ የቀን ሥራ እየሠራ፣ ወደ ጣልያን የሚያሻግረውን ጀልባ ይጠብቃል። ልጆቻቸው በዚያ መንገድ የሄዱባቸው የሰፈራችን እናቶች አንድ አነጋገር ነበራቸው። ልጅ ጀልባ ከተሳፈረ «ባሕር ገባ» ይላሉ። እናቴም ይህን ቃል ስትጠብቅ ከረመች።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ጃርሶ ደወለ። የጉጂ ኦሮሞ ልጅ ነው፤ አማርኛን የለመደው ከሸምሱ ጋር ኳስ ሲጫወት ነው። እናቴ ሁላችንም እንድንሰማ የስልኩን ድምፅ ከፍ አደረገችው።

«አካም ጃርሶ፣ ናጋ?» ብላ በኦሮምኛ ሰላም አለችው።

«እማማ…» አለ ጃርሶ። ቀጠለና፣ «ሸምሱ ባሕር ገባ» አለ።

«አልሐምዱሊላህ» አለች እናቴ።

ጃርሶ አለቀሰ። «አይዞህ ልጄ፣ አላህ ላንተም ያውቅልሃል» ስትለው መስመሩ ተቋረጠ። ያለቀሰው እሱ ስለቀረ መሰለን።

በነጋታው አባቴ ለምስጋና ፍየል አርዶ ሰደቃ አወጣ። ግቢው በሰው ሞላ። መረቁ ሳይበርድ እየተቀዳ፣ የግመል ወተት ሻይ እየዞረ፣ ልብስ ሰፊው ጎረቤታችን አባቴን ነካካው።

«ከድር፣ እንግዲህ ልጅህ ፓስታ ብቻ ሊበላ ነው።»

«ፓስታማ እዚህም ሰልችቶታል» አለ አባቴ። እንደዚያ ቀን ሲስቅ አይቼው አላውቅም።

ከሰደቃው በኋላ ሻይ ቤት ቴሌቪዥን ላይ ሸምሱ የነበረባትን ከተማ አየናት። አውሎ ነፋስ መትቷት፣ ከተራራው የወረደው ውሃ መሐሏን ጠርጎ ሄዷል። መኪኖች ባሕሩ ዳር ተደራርበዋል። ሰዎች ጭቃ ውስጥ ቆመው ስም ይጣራሉ። አባቴ ራሱን እየነቀነቀ፣ «አላህ ልጄን ከዚህ ጉድ አወጣልኝ» አለ። ቤት ስንገባ እናቴ «ጀልባውስ?» ብትለው፣ «ቀድመው ነው የወጡት፣ ደርሰዋል» አላት። እሷም አመነችው። እኔም አመንኩት።

ሳምንት አለፈና ጃርሶ እንደገና ደወለ። አባቴ ድምፁን ከፍ አድርጎ አነሣው።

«አባባ፣ እንዴት ሆናችሁ? ሰደቃ አወጣችሁለት?»

«አወጣን እንጂ። ሰፈሩ ሁሉ ደስ ብሎት በልቶ መረቀው።»



«ደስ ብሎት?» አለ ጃርሶ።

 ጃርሶ አማርኛውን ትቶ በኦሮምኛ ነገረን። ውሃው ሸምሱን ከነተኛበት ቤት ወደ ባሕር ወስዶታል። ጃርሶ የተረፈው ጥበቃ ሥራ ላይ ስለነበር ነው። ጭቃውን በእጁ እየቆፈረ ፈልጎታል። ባሕሩ የመለሳቸውን ሬሳዎች እየገለጠ አይቷል። አላገኘውም።  እናቴ ከቆመችበት ቀስ ብላ መሬት ላይ ተቀመጠች።

ጃርሶ አሁን ተመልሶ እዚሁ ነገሌ ባጃጅ ይነዳል። «ያኔ በኦሮምኛ ብነግራችሁ ኖሮ» ይላል ባገኘኝ ቁጥር። አልፈርድበትም፤ ቃሉ ልክ ነበር፣ በራሳችን መንገድ የሰማነው እኛ ነን። እኔን የሚያንገበግበኝ ያ ሥጋ ነው። አንድ ቀን ለእናቴ፣ «ምነው ያን ፍየል ባላረድን» አልኳት።

«ተው» አለችኝ። «ጎርፉ ልጅ የወሰደባቸው ሌሎቹ እናቶች መርዶውን ወዲያው ሰሙ። የኔ ልጅ እኔ ዘንድ ተጨማሪ ሳምንት ኖሯል። ያቺን ሳምንት አትንካብኝ።»

ከዚያ ወዲህ አላነሣሁባትም። እኔ ዘንድ ግን ያቺ ሳምንት ሌላ ናት። ወንድሜን ጃርሶ ብቻውን ሲፈልገው የነበረባት ሳምንት ናት።