አርባ ሦስት ጊዜ «ገብቶኛል»

ቀለሜ የሚለውን ቅጽል ያወጣላት ታላቅ ወንድሟ ነው። ገና ልጅ ሳለች እናቷ ሳሙና ግዢ ብለው ሲልኳት «ሳሙና» ብላ መዳፏ ላይ ሳትጽፍ ከደጅ አትወጣም ነበር። ትምህርት ቤት ገብታም የመምህሩን ቀልድ ሳይቀር ደብተሯ ላይ ታሰፍራለች። «ይቺ ልጅ ሰው ሲያስነጥስ እንኳ ትጽፋለች» አለ ወንድሟ፤ ስሙ በዚያው ጸናባት። እሷም አልጠላችውም። በዓለም ላይ የምትመካበት ነገር ቢኖር የነገሯትን አለመርሳቷ ነበር። ይኸው የምትመካበት ነገር ነው በኋላ የሰው ጉሮሮ የዘጋው።

ዲፕሎማዋን ይዛ ሁለት ዓመት ከበር በር ዞረች። «እንደውልልሻለን» የሚለውን ቃል ከመስማቷ ብዛት፣ አንድ ቀን ስልኳ ታክሲ ውስጥ ሲጠፋ ደስ ሁሉ አላት፤ ቢያንስ ያልደወሉት ስልኩ ስለጠፋ ነው ብሎ ራስን ማታለል ይቻላል። በሦስተኛው ዓመት ግን ደወሉ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባሕር ማዶ ያለ አንድ የኢንሹራንስ ድርጅት፣ የደንበኞቹ ቤት ቧንቧ ሲፈነዳ ወይም ጣሪያ ሲያፈስ የሚቀርበውን የካሳ ጥያቄ የሚመረምርለት ሰው ከአገሩ ውጭ ፈለገ። ምክንያቱንም ማንም አልደበቀም፤ እዚያ ለአንድ ሰው የሚከፈለው እዚህ ለአምስት ይበቃል። ሥራውን የተረከበው ኩባንያ ከአንድ የእንጨት ሥራ ቤት በላይ አምስተኛ ፎቅ ተከራየ፣ አሥራ ስድስት ወጣቶች ቀጠረ፣ ለእያንዳንዳቸው የጆሮ ማዳመጫ አደለ። ከታች የሚሠራው ቁም ሳጥን የቫርኒሽ ሽታው በደረጃው እየወጣ ከሰዓት በኋላ ሁሉንም ያስነጥሳቸዋል። ግድግዳው ላይ በቀይ ቁጥር ስንት ፋይል እንደሚጠብቅ የሚናገር ሰሌዳ አለ። መጸዳጃ ቤት ለመሄድ የተፈቀደው ሰባት ደቂቃ ነው፤ ስምንተኛው ደቂቃ ላይ ተቆጣጣሪው ሰዓቱን እያየ ሳቅ ይላል። ሳቁ ከቁጣ ይብሳል።

ከአሥራ ስድስቱ አንዷ ከባሕር ማዶዋ ባለሙያ ትማር፣ ተምራም ለቀሩት ታስተምር ተባለ። ማን ይመረጣል? ቀለሜ ናታ!

ባለሙያዋ ሃምሳ አምስት የሞላቸው፣ መነጽራቸውን በክር አንገታቸው ላይ ያንጠለጠሉ፣ ያንኑ ሥራ ለሃያ ስምንት ዓመት የሠሩ ሴት ነበሩ። እዚያ ሲነጋ እዚህ የምሳ ሰዓት ያልፋል፤ ስለዚህ ሁልጊዜ ስክሪኑ ላይ ብቅ የሚሉት ገና ካፖርታቸውን እያወለቁ ነው። ሥልጠናው አርባ ሦስት ተራ ያለው ዝርዝር ነበረው። እሳቸው አንዱን ተራ ያስረዳሉ፤ ቀለሜ ትጽፋለች፤ ሲገባት «ገብቶኛል» የሚለው ሳጥን ላይ ምልክት ታደርጋለች። ምልክቱን ማድረግ የሚችለው ተማሪው ብቻ ነው። ስድስት ሳምንት ይፈጃል ተብሏል። ጥሪው ሁሉ ይቀረጻል።

ሴትዮዋ ግን ከዝርዝሩ ውጭ አንድ አመል ነበራቸው። ማንኛውንም ጥያቄ ውድቅ ከማድረጋቸው በፊት ለባለቤቱ ይደውላሉ። ደንቡ አያዝም፤ እንዲያውም ጊዜ ማባከን ነው ይላል።

«አየሽ ልጄ» አሏት በመጀመሪያው ሳምንት፣ «አንድ ሰውዬ ቅጹን ባዶውን ላከው። ስሙ ብቻ አለ። በደንቡ ቢሆን መጣል ነው። ደወልኩ። ለካ የውሃ ማሞቂያው ሲወድቅ የሚጽፍበትን እጁን ሰብሮታል። እየነገረኝ እኔ ሞላሁለት። እና መጀመሪያ ደውዪ። ወረቀት ሁሉንም አይናገርም።»

«ደውዪ» የሚለው ቃል በእንግሊዝኛ በቀን አሥር ጊዜ ከድምፅ ማጉያው ስለሚወጣ፣ አሥራ አምስቱ ባልደረቦቿ ሴትዮዋን «እትዬ ደውዪ» አሏቸው። ቀለሜ አንድ ቀን አምልጧት በዚሁ ስም ጠራቻቸው። እሳቸው ትርጉሙን ሲሰሙ መነጽራቸው እስኪወድቅ ሳቁ፤ ከዚያ ወዲያ ስልክ ሲያነሡ «እትዬ ደውዪ ነኝ» ማለት ጀመሩ። የአባቷን ሳል ይጠይቋታል። ባላቸው ከሞተ ሰባት ዓመት እንደሆነው፣ ቤቱ ዝም ሲላቸው ሬዲዮ ከፍተው እንደሚያበስሉ ነገሯት። የግል ስልካቸውንም ሰጧት፤ «ቀረጻ የሌለው ወሬ ካማረሽ» ብለው ጠቀሷት። ቀለሜ ቁጥሩን የደብተሯ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ጻፈችው።

በሦስተኛው ሳምንት መጨረሻ ሠላሳ አራት ምልክት ተደርጓል። ተቆጣጣሪው ቢሮው አስጠራት።

«አንቺ ምን ጉድ ነሽ ባክሽ! የስድስት ሳምንቱን በአራት ልትጨርሽው ነው እኮ። ስትጨርሺ ቋሚ ነሽ፣ ቡድን መሪም ትሆኛለሽ።»

የቀለሜ ደስታ እስከ ጆሮዋ ወጣ። «እትዬስ? ከዚህ በኋላ ወደ የትኛው ክፍል ነው የሚዛወሩት?»

ተቆጣጣሪው የእስክሪብቶውን ክዳን ከፈተ፣ መልሶ ዘጋው። «የምን መዛወር? ሥራው እኮ ወደዚህ መጣ። አርባ ሦስተኛዋ ላይ ምልክት ስታደርጊ የሳቸው ክፍል ይዘጋል።»

«ያውቃሉ?»

«አያውቁም። አዲስ ቅርንጫፍ የሚያሠለጥኑ ነው የመሰላቸው። ቢያውቁማ ማን በሙሉ ልቡ ያስተምራል? አንቺም አታውቂም። ስትቀጠሪ የፈረምሽው የምስጢር ወረቀት አለ፤ ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም።»

ወደ ወንበሯ ስትመለስ ሠላሳ አራቱን ምልክት ስክሪኑ ላይ አየቻቸው። እያንዳንዱን በደስታ ነበር ያደረገችው። የሴትዮዋን ሥራ የወሰደው ባሕር ማዶ ያለ አለቃ ነው፤ ይህን ማንም ይፈርዳል። ቀኑን ያሳጠረው ግን የሷ ጉብዝና ነው። ስድስቱን ሳምንት አራት ያደረገችው እሷ ናት።

መፍትሔ ብላ ያገኘችው እንዳልገባት መምሰል ነው። በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰነፍ ተማሪ ሆነች። ከሠላሳ አምስተኛው ተራ ጀምሮ «አልገባኝም» ትላለች። ሴትዮዋ ይደግሙላታል። «አሁንም አልገባኝም።» ይሠልሱላታል። በሦስተኛው ቀን እትዬ ደውዪ ወረቀት ቆርጠው፣ ትንንሽ ቧንቧና ቤት ሥለው፣ ስክሪኑ ፊት እንደ አሻንጉሊት እያንቀሳቀሱ መጡ። «ጥፋቱ የኔ ነው» አሏት። «አንቺ እንዲህ አትቸገሪም ነበር፤ እኔ ነኝ ማስረዳት ያቃተኝ። ትናንት ቤቴ ገብቼ እንደገና አሰብኩበት።» ቀለሜ የምትገባበት አጣች። ደግነት መስሏት የነበረው ተንኮል፣ አንዲት ባልቴት ከሥራ በኋላ መቀስ ይዘው እንዲቀመጡ አደረገ። የዚያኑ ቀን ሁለት ምልክት አደረገች፣ ከኀፍረቷ የተነሳ።

በእረፍቷ ቀን ምሳ ላይ ወሬው ቤቷ ውስጥም ተነሳ። ስለ ሴትዮዋ ትንፍሽ አላለችም፤ «ሥራው ከሌላ አገር ተነቅሎ ነው የመጣው» አለች እንጂ። ወንድሟ የመኪና ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነው፤ ለሁሉም ነገር መልስ አያጣም።

«እና ይምጣ! ሥራ እግር አለው፤ ወደኛ ሲመጣ በር እንዝጋበት? እነሱ አንድ ቢያጡ ሌላ ያገኛሉ። እኛ አሥራ ስድስት ቤት ሰው ሆነ። እነሱም ጨዋታውን ራሳቸው ናቸው የጀመሩት።»

አባቷ ጎረሱ። በአንድ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሃያ ሁለት ዓመት የሽመና ማሽን ጠግነዋል፤ ፋብሪካው ማሽኖቹን ነቅሎ ጉልበት ወደሚረክስበት አገር ከሄደ ወዲህ ቤት ነው የሚውሉት።

«አባዬ፣ አንተ ትጠላቸዋለህ? ማሽኖቹን የወሰዱትን ሰዎች?» አለች ቀለሜ።

«ለምን ብዬ? እነሱም ልጅ ያሳድጋሉ። አንድም ቀን አልረገምኳቸው።» ውሃ ጠጡ። «እስካሁን ያልወጣልኝ ዋናው መካኒክ ነው። ስድስት ወር ሙሉ እያወቀ አብሮኝ ሻይ ጠጣ። ‹ቁርጥህን እወቅ› ቢለኝ ኖሮ ያኔ ገና ጉልበት ነበረኝ፤ ሌላ ቦታ እሞክር ነበር። አንድ ቃል እኮ ናት።»

ወንድሟ «እሱም እንጀራውን ፈርቶ ይሆናላ» አለ።

«ፈርቶ ነዋ። እኔም የምለው ፈርቶ ነው» አሉ አባቷ። ቀለሜ ሳህኖቹን ሰብስባ ወጣች።

ማክሰኞ ዕለት እትዬ ደውዪ ትምህርቱን ሳይጀምሩ ወንበራቸውን ወደ ስክሪኑ አስጠጉ።

«ልጄ፣ ምክር ፈልጌ ነው። እሠፈሬ ያለ ትምህርት ቤት መዝገብ ቤት እንድሠራለት ጠይቆኛል። ደመወዙ ትንሽ ያንሳል፤ በእግሬ ግን አሥር ደቂቃ ነው። እስከ ሐሙስ መልስ ስጪን ብለውኛል። አለቃዬን ባማክረው ‹አንቺን ለቀን የት እንገባለን?› አለኝ። እውነቱን ነው፤ እናንተን ማን ያስተምራል? ግን በዚህ ዕድሜዬ ዳግመኛ እንዲህ ያለ ነገር አይመጣም። አንቺ ምን ትያለሽ?»

ስክሪኑ ጥግ ላይ የቀረጻው ቀይ ነጥብ ብልጭ ድርግም ይላል። ከጀርባዋ ተቆጣጣሪው ከአንዱ ልጅ ጋር ያወራል። «ይሂዱ» ማለት በቂ ነበር። ምክንያት አይጠይቁም ነበር፤ ያምኗታል።

«እርስዎ ያውቃሉ» አለች ቀለሜ።

«እሱስ ልክ ነሽ» አሉ ሴትዮዋ፤ ወረቀታቸውን ገለጡ።

ሐሙስ በምሳ ሰዓት ደብተሯን ይዛ ወደ ደረጃው ወጣች። እዚያ ገና ማለዳ ነው፤ ከቤት አልወጡም። በግል ስልኳ ቁጥሩን መታች። የምትለውን አዘጋጅታለች፤ «ትምህርት ቤቱን እሺ ይበሉ፣ ለምን እንደሆነ አይጠይቁኝ።» ስልኩ አንድ ጊዜ ጠራ። ከታች የደረጃው በር ተከፈተና የሰው ኮቴ ተሰማ። ቀለሜ ስልኩን ዘጋችው። የወጣው የቁም ሳጥን ሠራተኛ ነበር፤ በትከሻው ሳንቃ ተሸክሞ «አሳልፊኝ እህቴ» አላት። አሳለፈችው። መልሳ ለመደወል ከምሳ ሰዓቷ አሥራ አንድ ደቂቃ ቀርቷት ነበር፤ ስልኩን በእጇ እንደያዘች አሥራ አንዱም አለቀ።

ከሰዓት በኋላ እትዬ ደውዪ ካፖርታቸውን እያወለቁ ብቅ አሉ። «ጠዋት ከናንተ አገር ስልክ አንድ ጊዜ ጠርቶ ተቋረጠ። አንቺ ነበርሽ?»

«ተሳስቶ የደወለ ሰው ይሆናል» አለች ቀለሜ።

«እኔም እንደዚያ አልኩ። እንዲያውም መልሼ ልደውል ነበር፤ ትምህርት ቤቱ ቀደመኝ። ‹አመሰግናለሁ፣ እዚሁ ይፈልጉኛል› አልኳቸው። ቅር አላቸው እንጂ ደህና ሰዎች ናቸው።» ተቀመጡና መነጽራቸውን አደረጉ። «በይ፣ ሠላሳ ዘጠነኛ ላይ ነበርን።»

ከዚያ ወዲያ መዘግየቱም ትርጉም አጣ። ሠላሳ ዘጠኝ፣ አርባ፣ አርባ አንድ፣ አርባ ሁለት። ቀለሜ እጇ ይጽፋል፤ ዓይኗ ስክሪኑን አያይም።

የመጨረሻው ቀን ሴትዮዋ ሃያ ደቂቃ ዘገዩ። ብቅ ሲሉ ካፖርታቸው ላያቸው ላይ ነበር፤ አላወለቁትም። ከኋላቸው ያለው መደርደሪያ ባዶ ሆኗል።

«ዛሬ ጠዋት ነገሩኝ» አሉ። ድምፃቸው የተረጋጋ ነበር፤ እጃቸው ግን የመነጽሩን ክር ይጠመዝዛል። «ሃያ ስምንት ዓመት። በካርቶን ዕቃሽን ሰብስቢ አሉኝ። አንዷን ተራ ካልጨረስኩ አልሄድም ብዬ ነው የገባሁት።»

«እትዬ...»

«አይዞሽ። አንቺን ምን ብዬ እወቅስሻለሁ? እንጀራሽ ነው። አንድ ነገር ግን ልጠይቅሽ፤ ሌሊት እንዳልብሰለሰል። ታውቂ ነበር?»

አሥራ አምስቱ ልጆች መጻፍ አቁመዋል። ተቆጣጣሪው በሩ ላይ ቆሟል። እውነቱን ለመናገር አሁን የቀረ አደጋ አልነበረም፤ ሥራው እጃቸው ገብቷል፣ የቋሚነት ወረቀቷም አስቀድሞ ተፈርሟል። የምታጣው አንድ ነገር ቢኖር እኒህ ሴት እሷን የሚያዩበትን ዓይን ነው። እሱን ማጣት አልቻለችም።

«አላውቅም ነበር» አለች።

እትዬ ደውዪ ትከሻቸው ወረድ አለ፤ ፊታቸው ላይ እፎይታ ታየ። «አውቄዋለሁ። ብታውቂማ ትነግሪኝ ነበር። አሁን ለሁለቱም መሥሪያ ቤት አለቆች ደብዳቤ ጽፌ ነው የመጣሁት። ‹የሚታመን ሰው ከፈለጋችሁ ይቺ ልጅ አለች› ብያቸዋለሁ። በይ፣ አርባ ሦስትን ልንገርሽ።»

አስረዷት፤ አጭር ነበር። ሲጨርሱ እጃቸውን አጣጥፈው ጠበቁ፤ ምልክቱ ካልተደረገ ከኮምፒውተሩ ሥርዓት መውጣት አይችሉም።

«ገባሽ?» አሏት።

«ገብቶኛል» አለች ቀለሜ፤ ምልክቱንም አደረገች።