የአያቴ ጉትቻና የጥላዬ ድርቅ

ወርቅ ቤቱ ውስጥ የአሲድና የከሰል ሽታ አፍንጫዬን ሲመታው፣ ባለቤቴን ከቀበርኩ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ስለ ሌላ ሰው አሰብኩ። ያውም ስለ ጥላዬ።

ጥላዬ በጃንሆይ ጊዜ አሰበ ተፈሪ ውስጥ ጎረቤታችን የነበረ አንጥረኛ ነው። አንጥረኛ ሲሉት ግን ይቆጣል። ያለው ሀብት አንዲት የቆርቆሮ ክፍል፣ የፍየል ቆዳ ወናፍ፣ ጥርሱ ያለቀ ሞረድና ቤቱ የማይበቃው ኩራት ነበር። የሙሽራ ቀለበት ታዞ ወር ሙሉ ያስቀምጠዋል። ከሰዓት በኋላ ጫቱን እየቃመ፣ ከመንገድ የለቀመውን ጠጠር ሲያገላብጥ ይውላል። ሌላው ሰው ወርቅ እስኪያበራ ሲወለውል፣ እሱ የሚያበራውን በአሸዋ ፈትጎ ያደበዝዛል። «ማብራትማ ፋኖስም ያበራል» ይላል። ይህን ቅብጠቱን ጥበብ የሚሉለት አብረውት የሚቅሙት ብቻ ነበሩ።

እናቴ ከእናቷ የቀራት ጥንድ የወርቅ ጉትቻ ነበራት። አንዱ ሚኤሶ ባቡር ጣቢያ፣ ግፊያ ውስጥ ወድቆ ቀረ። እህቴ ልትዳር ስትል፣ እናቴ የተረፈውን አይቶ አምሳያውን እንዲሠራ ወርቅ ጨምራ ለጥላዬ ሰጠችው። እሱ ጉትቻውንም የተጨመረውንም ወርቅ አቅልጦ አንድ ነገር ይዞ ጠበቃት፤ እንደ ደረቀ የማሽላ ቅጠል የተጠማዘዘ፣ ሻካራ፣ መሐሉ የተሰነጠቀ።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«እትዬ አስካለ፣ ጉትቻ ማንም ይሠራል። እኔ የሚኤሶን ድርቅ ሠራሁልዎ። ጉትቻዎ የጠፋበትን አገር።»

«ድርቅ በጆሮዬ ላንጠልጥል? አንተ ሰው፣ የእናቴን እኮ ነው ያቀለጥከው!»

ጫት ነጋዴዋ ፋጡማ ከበሩ አንገቷን አሰገገች። «ያ ረቢ! እኔስ ፍየሌ አኝካ የተፋችው መስሎኝ!»

ጥላዬ ይቅርታ እንኳ አልጠየቀም። «አንድ ቀን ይገባችኋል» ብሎ ወደ ጠጠሩ ዞረ።

እህቴ በተውሶ ጉትቻ ተዳረች። እናቴ ያንን ነገር በጨርቅ ጠቅልላ ሳጥን ግርጌ ጣለችው፤ ስትሞት ለእኔ ደረሰኝ። የሚኤሶ ልጅ የነበረው ባለቤቴ ያየው ዕለት፣ «የአባቴ ማሳ ነው» አለ። ከዚያ ወዲህ ከራስጌው አልለየውም። ታሞ በተኛበት ጊዜ ሁሉ ስንጥቁን በአውራ ጣቱ ይዳብስ ነበር።

ዛሬ ወርቅ ቤት የወሰድኩት ለልጄ የአያቴን የመሰለ ጥንድ ጉትቻ ላሠራበት ነው። ወርቅ ሠሪው እሳቱን ለኩሶ፣ «ላቅልጠው፣ እማማ?» አለኝ።

በእሳቱ ብርሃን አየሁት።

«ተወው፣ ልጄ።»

ጥላዬ ያበላሸው ነገር እንደተበላሸ ነው፤ በማንም ጆሮ ላይ አያምርም። በስንጥቁ ጠርዝ ላይ ግን፣ የባለቤቴ አውራ ጣት የተመላለሰባት ቦታ ብቻዋን ታበራለች።